አካል ሳያጎድሉ ግራይንደር መያዝ፦ ለወሎ ብየዳ ቤት ልጆች

ደሴም ሁን ኮምቦልቻ፣ ወልዲያም ሁን ከሚሴ፣ በርና መስኮት የሚሰራ ብየዳ ቤት የሌለበት ሰፈር የለም። ብየዳ ቤት ካለ ግራይንደር፣ ዲስክ እያዞረ ብረት የሚቆርጠውና የሚሞርደው የመብራት ማሽን፣ አለ። ግራይንደሩ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጋርድ፣ ዲስኩን የሚከልለው ቆርቆሮ፣ የለም፣ ተፈትቶ ከፌሮ ቁርጥራጭ ጋር ጥግ ላይ ተጥሏል፣ ለምን ፈታኸው ብትለው "ስራ ያዘገያል፣ ደሞ ትልቁን ዲስክ አያስገባም" ይልሃል። ነገሩ ያለው እዚችው ሁለተኛዋ መልስ ላይ ነው። ሰውን ግራይንደር ጎዳው ሲባል ማሽኑ ከእጁ አምልጦ ይመስለናል፣ እሱም አለ እመጣበታለሁ፣ ግን የሚከፋው ዲስኩ ራሱ እየዞረ ሲበታተን ነው፣ ዲስክ ደግሞ እንዲሁ ተነስቶ አይበታተንም፣ ወይ ከማሽኑ ጋር የማይሄድ ነው ወይ የተጎዳ ነው ወይ ያለስራው የገባ ነው። ስለዚህ ከዲስኩ ልጀምር።

ዲስኩ ላይ ያለው ቁጥር

ትንሿ ግራይንደር 115 ሚሊ ዲስክ ነው የምትይዘው፣ ከሷ ከፍ ያለችው 125፣ ከዛ 180፣ ትልቁ 230። ትንሿ ባዶዋን ስትዞር በደቂቃ 11,000 ዙር አካባቢ ትሄዳለች፣ ትልቁ 6,500 አካባቢ። ልብ በል፣ በዙር ቀርፋፋው ትልቁ ነው። ዲስኮቹም ለዛው ነው የተሰሩት፣ የ115ቱ ላይ 13,300 አርፒኤም (በደቂቃ ዙር ማለት ነው) የሚል ታገኛለህ፣ የ125ቱ ላይ 12,200፣ የ230ው ላይ 6,600 ገደማ። ከጎኑ 80 ሜትር በሰከንድ የሚል ጽሁፍና ብዙ ጊዜ ቀይ መስመር አለው፣ የዲስኩ ጠርዝ ከዚህ በላይ እንዳይሮጥ ማለት ነው፣ ወደ ኪሎሜትር ስትመታው በሰአት 288 ይመጣል። ሀረጎን ቁልቁል የሚወርድ አባዱላ የዚህን ሲሶ አይነዳም።

አሁን ጋርዱን ፈታህና የ230ውን ዲስክ ትንሿ ላይ ጫንከው እንበል። በ11,000 ዙር የዛ ዲስክ ጠርዝ 132 ሜትር በሰከንድ ይገባል። ዲስኩን ወደ ውጭ የሚበትነው ኃይል ደግሞ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው፣ ስለዚህ ከተፈቀደለት ወደ 2.7 እጥፍ ተሸከመ ማለት ነው። ጋርዱ ትልቁን ዲስክ አላስገባ ያለው ለዚህ ነው እንጂ ፋብሪካው ልኬት ተሳስቶ አይደለም። "እኔ ስንት ዘመን ሰርቼበታለሁ ምንም አልሆንኩም" የሚል ሰው መቼም አይጠፋም፣ ዲስኩ እስኪፈነዳ ድረስ እኮ ያልፈነዳ ነው።

እና ህጉ አጭር ነው፣ ዲስኩ ላይ ያለው የዙር ቁጥር ማሽኑ ጎን ላይ ካለው ቁጥር እኩል ወይ በላይ መሆን አለበት። በታች ከሆነ አይጫንም። ወረቀቱ ተፍቆ ቁጥሩ የማይነበብ ዲስክም አይጫንም። ተበልቶ ያነሰውን የትልቁን ዲስክ ለትንሿ ማውረስም አለ፣ ቁጠባ መሆኑ ነው፣ እሱም ክልክል ነው፣ ምክንያቱም ለዝግታ ዙር የተሰራ ዲስክ ነው፣ ጠርዙም ስንት ቀን ሲመታ ውሎ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። አናጺዎች ደግሞ ጥርስ ያለውን የእንጨት መጋዝ ክብ ግራይንደር ላይ አስረው ጣውላ ይሰነጥቃሉ፣ ይሄንን በጭራሽ። ጥርሱ እንጨት ሲነክስ ማሽኑን ከእጅህ መንጭቆ ነው የሚያዞረው፣ ጋርድም አይቀበለውም።

ዲስክ የአገልግሎት ጊዜ እንዳለው ብዙ ሰው አያውቅም። መሃል ቀዳዳው ላይ ያለችውን የቆርቆሮ ቀለበት አገላብጠህ እያት፣ አገልግሎቱ የሚያበቃበት ወርና አመተ ምህረት ተመትቶባታል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ታዲያ እንዳትሸወድ፣ ከተመረተ 3 አመት ያህል ነው የሚሰጡት። የዲስኩን አሸዋ አንድ ላይ የያዘው ሙጫ ስለሆነ እርጥበትና እርጅና ያደክመዋል። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ጭጋጉ ቤት ገብቶ ነው የሚያድረው፣ ሊሾ ላይ ወይ ከዘይት ጣሳ ስር ተጥሎ የከረመ ዲስክ ደህና አይደለም። ደረቅ ቦታ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተኝቶ፣ ክብደት ሳይጫንበት ይቀመጥ። ስትገዛም ሱቁ ውስጥ አገላብጠህ ቀኑን እይ፣ ጠርዙን በጣትህ ዞር ዞር አድርገህ ዳስስ፣ ስንጥቅ ወይ የተሸረፈ ካለው መልስለት፣ ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ።

ሌላው የምንቀላቅለው መቁረጫና መሞረጃ ነው። መቁረጫው ቀጭን ነው፣ 1 ሚሊ፣ 1.6፣ እስከ 3 ሚሊ። መሞረጃው 6 ሚሊ አካባቢ ወፍራምና መሃሉ ጎድጎድ ያለ ነው። መቁረጫው የተሰራው ቀጥ ብሎ ገብቶ በጠርዙ እንዲበላ ብቻ ነው፣ ብየዳ ከጨረስክ በኋላ "ዲስክ ከምቀይር" ብለህ በጎኑ ብየዳውን የምትፍቅበት ከሆነ ያቺ ቀጭን ነገር ትታጠፋለች፣ ከታጠፈች ትሰበራለች፣ ስትሰበር የት እንደምትሄድ አታውቅም። ስራችን ውስጥ እንደዚህች የተለመደች ስህተት የለችም ብል አላጋነንኩም። መሞረጃውን ደግሞ ከብረቱ ጋር 20 እስከ 30 ዲግሪ አጋድለህ ነው የምትይዘው። ለድንጋይ፣ ለብሎኬትና ለእምነበረድ ዳይመንዱ አለ፣ የብረቱን ዲስክ ለድንጋይ አትስጠው። አሉሚኒየም በብረት ድንጋይ መሞረድም ድንጋዩን ይደፍነዋል፣ ይግላል፣ ተወው።

ስትቀይርና መብራት ሲሄድ

ዲስክ ስትቀይር ሶኬቱን ንቀል። ማጥፊያውን ማጥፋት አይበቃም፣ እጅህ ዳዶው ላይ እያለ ክንድህ ማብሪያውን ቢነካው አለቀ። ማሽኑ ላይ ያለችውን የዲስክ መቆለፊያ የምትጫናት ዲስኩ ጭራሽ ሲቆም ነው፣ እየዞረ ብትጫናት ውስጥ ያለውን ትሰብረዋለህ። ሁለት እግር ያላት የዳዶ መፍቻ ቁልፍ መቼም በየቤቱ ጠፍታለች፣ በሷ ፋንታ ፌሮ ደግኖ በመዶሻ መምታት አለ፣ ዳዶው ይጣመማል ዲስኩም ይሰነጠቃል። ቁልፏን በገመድ ማሽኑ ሽቦ ላይ፣ ሶኬቱ ጋ እሰራት፣ ስትቀይር የግድ ሶኬቱን ትነቅላታለህ። ዳዶውም በእጅ ጠብቆ ከዛ በቁልፍ ትንሽ መጠቅለል ነው እንጂ እንደ መኪና ጎማ በሙሉ ጉልበት አይጠበቅም። አዲስ ዲስክ ከጫንክ ወደ ማንም ሳታዞር፣ አንተም ከዲስኩ መስመር ወጣ ብለህ፣ ባዶውን አንድ ደቂቃ አዙረው። ጉድ ያለበት ዲስክ ብዙ ጊዜ እዛው ይታወቃል፣ ከተንቀጠቀጠ አጥፋና አውርደው።

መብራት ነገር ደግሞ የኛ አገር ጣጣ ነው። እየቆረጥክ መብራት ይሄዳል፣ ግራይንደሩን መሬት ትጥላለህ፣ ማብሪያው ተቆልፎ በርቶ እንደነበረ ነው፣ "በቃ ቡና ይፈላ" ተብሎ ሁሉም ይሰበሰባል። ሁለተኛው ስኒ ላይ መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ መሬት ላይ ለብቻው ይነሳል፣ እንደ እባብ እየተወራጨ፣ አጠገቡ የሚጫወት ልጅ ሊኖር ይችላል። መብራት በሄደ ቁጥር መጀመሪያ ማብሪያውን መልስ፣ ቀጥሎ ሶኬቱን ንቀል፣ ከዛ ቡናህን ጠጣ። አዳዲሶቹ አንዳንዶቹ መብራት ሲመለስ ራሳቸው እንዳይነሱ የተሰሩ አሉ፣ ያንተ እንደዛ መሆኑን ሳታረጋግጥ አትመን።

ኤክስቴንሽን ካለህ ተጠቅልሎ እንዳለ አትጠቀም፣ ሙሉ በሙሉ ዘርጋው፣ ተጠቅልሎ ብዙ ሲጎትት ይግላል ላስቲኩም ይቀልጣል። 2,200 ዋት ማሽን በ220 ቮልት 10 አምፔር ይጎትታል፣ ለሱ የቀጭን አምፖል ሽቦ አይሆንም፣ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን። ዝናብ ላይ፣ ውሃ የቋጠረ መሬት ላይ አይሰራም። 30 ሚሊአምፔር ሲያፈስ የሚቆርጥ የደህንነት ብሬከር ማስገባት ለሚችል ቤት ደግሞ ከዛ የተሻለ የወጣ ገንዘብ የለም።

ልብስህና አቋቋምህ

ኮምቦልቻና ከሚሴ ሙቀት ነው፣ ሽርጥ ታጥቆ ሸበጥ አድርጎ ግራይንደር የሚያነሳ አለ። ደሴ ብርድ ነው፣ ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የሚሰራ አለ። ሁለቱም አይሆንም። የሚንዘላዘል ነገር ሁሉ፣ የጋቢ ጥለት፣ ሻርፕ፣ ያልተቆለፈ እጅጌ፣ አንገት ላይ ያለ ክር፣ ዲስኩ ከያዘው ማሽኑን ወዳንተ ነው የሚጎትተው። እህቶችም ከቴክኒክና ሙያ ወጥታችሁ ስትሰሩ ሻሹን ወደ ውስጥ አስገቡት። ልብሱ ጥጥ ይሁን፣ ናይለን በፍንጣሪ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። እግር ላይ የተዘጋ የቆዳ ጫማ። ጓንት ቆዳና ልክ የሆነ፣ ክሩ የተተረተረ የሹራብ ጓንት ከባዶ እጅም ይብሳል።

አይን ላይ ጎግል፣ በላዩ ሙሉ ፊት የሚሸፍን መከለያ። የጸሃይ መነጽር መነጽር አይደለም፣ የብየዳው ጥቁር መነጽርም ለግራይንደር አይሆንም፣ የምትቆርጠውን አታይበትም። ጆሮህንም ድፈን፣ ብረት ላይ ያለ ግራይንደር ወደ 100 ዴሲቤል ይደርሳል፣ እዛ ላይ ጆሮ ሳይደፈን የሚመከረው በቀን 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ብሎኬትና ድንጋይ ስትቆርጥ ውሃ እያረጠቡ የሚሰራበት ማሽን ካለህ በሱ፣ ካልሆነ ኤን95 ማስክ፣ የድንጋይ አቧራ ሳንባ ላይ ከተቀመጠ አይወጣም።

አሁን ወደ ማምለጡ። ግራይንደር የሚዘለው ዲስኩ ሲያዝ ነው። ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) በሁለት ጫፉ ድንጋይ ላይ አስቀምጠህ መሃሉን ስትቆርጥ ሊያልቅ ሲል ቱቦላሬው ወደ ታች ይጎብጣል፣ የቆረጥከው አፍ ይዘጋል፣ ዲስኩን ይነክሰዋል፣ ማሽኑ በዛች ቅጽበት ወደ ፊትህ ወይ ወደ እግርህ ይመጣል። ስለዚህ የሚቆረጠውን በሞርሳ (ብረት ነክሶ በሚይዘው ማሰሪያ) እሰረው፣ የሚወድቀው ጫፍ በነጻነት ተንጠልጥሎ ይውደቅ፣ አፉ እየተከፈተ ይሄዳል። ብረቱን በእግር ረግጦ መቁረጥን ተዉት። የጎን እጀታው ከማሽኑ ጋር የመጣ ነው፣ አውጥተህ አትጣለው፣ ሁለት እጅ ሁሌ። አንተ ከዲስኩ መስመር ወደ ጎን ቁም፣ ፊትህን ከዲስኩ ቀጥታ አታድርግ፣ ጋርዱም ባንተና በዲስኩ መሃል ይዙር። ሙሉ ዙሩን ሲይዝ ነው ብረቱን የምታስነካው፣ ቁርጡ ውስጥ ከቆመብህ አውጥተህ አስነሳው እንጂ እዛው ውስጥ እንዳለ አታብራው፣ ቁርጡ ጠመም ካለብህም ዲስኩን አጥምመህ ለማቃናት አትሞክር፣ ከሌላ በኩል ጀምር። ስትጨርስ አጥፍተህ ዝም ብለህ ያዘው፣ ካጠፋኸው በኋላም ለጥቂት ሰከንድ ይዞራል፣ ጉልበት ላይ ወይ መሬት ላይ የሚጣለው ሲቆም ነው።

ፍንጣሪውና በርሜሉ

ፍንጣሪው አጠገብህ የሚያልቅ አይምሰልህ፣ 10 ሜትር ድረስ ሊደርስ ይችላል። ጭድ፣ ጆንያ፣ ቀለም፣ ቲነር፣ ጋዝ ሲሊንደር፣ የጎረቤት ሱቅ ስፖንጅ፣ ሁሉንም አርቅ። የቆመ መኪና ካለም ሸፍነው፣ ፍንጣሪ መስታወት ላይ ከተጣበቀ አይፋቅም። ስራ ከጨረስክ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰአት አካባቢውን እያየህ ቆይ፣ ጆንያ ውስጥ የገባ እሳት ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው።

በርሜል ግን ለብቻው። ቤንዚን፣ ናፍታ፣ ቲነር የነበረበትን በርሜል ለውሃ ማጠራቀሚያ ወይ ለምድጃ ቁረጥልኝ ብሎ የሚመጣ ደምበኛ አለ። ባዶ ነው ይልሃል። ባዶ መሆኑ ነው ችግሩ፣ ፈሳሹ አልቆ ትነቱ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ተቀምጧል፣ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። አንዴ በኦሞ አጥቤዋለሁ ማለትም አያድንም፣ በመገጣጠሚያው የተደበቀ ይቀራል። እምቢ በል። ዘይት የነበረበትም ቢሆን ሲግል ይተናል። ምን እንደነበረበት የማታውቀውን በርሜል እንደ ቤንዚን በርሜል ቁጠረው።

አይን ውስጥ ከገባ

አይን ውስጥ ብናኝ ገብቶ ጓደኛው በክብሪት እንጨት ወይ በታጠፈ ወረቀት ሲያወጣለት ያላያችሁ ካላችሁ ብየዳ ቤት ገብታችሁ አታውቁም ማለት ነው። አብሽር ወጣልህ ይለዋል። ኸረ ተዉ። አትሸው፣ በንጹህ ውሃ በደንብ አጥበው፣ ካልወጣ ወይ ከወጣም በኋላ ቆርቆር ቆርቆር ካለህ ሀኪም ቤት ሂድ። የብረት ብናኝ አይን ላይ ሲያድር ይዝጋል፣ ዝገቱ ራሱ ለብቻው ይጠረጋል፣ ያንን በክብሪት እንጨት የሚያወጣ የለም። ብረቱ ገብቶ ተሰክቶ ከሆነ ደግሞ አታውጣው አትጠበውም አትጫነውም፣ ንጹህ የስኒ ነገር ሳይነካው በላዩ ከድነህ በቀጥታ ሂድ። ደሴ ዙሪያ ላላችሁ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የአይን ክፍል አለው።

እጅ ከተቆረጠ ንጹህ ጨርቅ አድርገህ አጥብቀህ ያዝ፣ ቡና አትነስንስበት፣ ደሙ በጨርቁ ካለፈ በላዩ ጨምር እንጂ የታችኛውን አታንሳ። ጣት ከወጣ ጣቱን ረጠብ ባለ ንጹህ ጨርቅ ጠቅልለህ ፌስታል ውስጥ ቋጥረው፣ ፌስታሉን በረዶ ላይ አድርገህ አብረህ ውሰደው፣ በረዶው ጣቱን በቀጥታ እንዳይነካው። ሀኪሙ ጋ ስትደርስ ምን ስትቆርጥ እንደነበር ንገረው፣ ፌሮ ነው ድንጋይ ነው እንጨት ነው፣ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌም ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደወሰድክ ይጠይቅሃል፣ ካላስታወስክ አላስታውስም በለው ይሰጥሃል።