ቪም ላይ ነጥብ ግማሹን ብቻ ሲደግም፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ቪም (የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም) ላይ አንድ መስመር አስተካክላችሁ ቀጣዩ ላይ ነጥብ (የመጨረሻውን ለውጥ የሚደግመውን ትእዛዝ) ስትመቱ፣ ከጻፋችሁት ውስጥ ቁራጩ ብቻ ይገባል፤ ያውም ያላሰባችሁት ቦታ።

መንስኤ፦ ኢንሰርት ሞድ (ጽሑፍ የሚገባበት ሁኔታ) ውስጥ እያላችሁ የቀስት ቁልፍ ነክታችኋል። ነጥብ ላይ የሚቀርበው ስሞታ አብዛኛው መጨረሻው እዚህ ነው። ቀስት እንደተነካ ቪም የእስካሁኑን ይዘጋና አዲስ ማስገባት ይጀምራል፤ ማውስ ጠቅ ማድረግም ያው ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝም አብሮ ይረሳል፦ በትልቁ ኤ (መስመሩ መጨረሻ ላይ ማስገቢያ) ብትገቡም ነጥብ የሚደግመው በትንሹ አይ (ጠቋሚው ያለበት ላይ ማስገቢያ) እንደገባችሁ አድርጎ ነው።

«20» የሚል መስመር ላይ ትልቁን ኤ መትታችሁ « ብር» ጻፋችሁ እንበል። «ሺህ» መርሳታችሁ ትዝ አላችሁና በግራ ቀስት ሁለት ፊደል ተመልሳችሁ «ሺህ » ጨመራችሁ፤ «20 ሺህ ብር» ሆነ። ኢስኬፕ፣ አንድ መስመር ወደ ታች፣ ነጥብ። እዚያ የነበረው «30» «3ሺህ 0» ይሆናል! የስህተት መልእክት የለም፤ ቪም የታዘዘውን ሠርቷል። የደመወዝ ወይም የዋጋ ዝርዝር ላይ ነጥብን ደጋግማችሁ ከመምታታችሁ በፊት የመጀመሪያውን ውጤት በዓይናችሁ እዩ። ተበላሽቶ ካያችሁ ወዲያው ዩ (መቀልበሻውን) ምቱ።

ለማረጋገጥ፦ ባዶ መስመር ላይ ድርብ ጥቅስ፣ ነጥብ፣ ፒ በተከታታይ ምቱ። መጨረሻ የገባው ጽሑፍ ይወጣል፤ «ሺህ» ብቻ ከወጣ ጥፋቱ የቀስቱ ነው።

መፍትሄ፦ ስትሳሳቱ በባክስፔስ ወይም በኮንትሮል ደብልዩ (አንድ ቃል ያጠፋል) ወደኋላ እያጠፋችሁ እንደገና ጻፉ። ካልሆነ ኢስኬፕ፣ ዩ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው።

ቀስት ሳትነኩ ከተከሰተ ቅንፍ በራሱ የሚዘጋውን ፕለጊን (ቪም ላይ የሚጨመር ቅጥያ) ጠርጥሩ። በግዴለሽነት የተሠሩት ቅንፉን ከዘጉ በኋላ በግራ ቀስት ነው የሚመለሱት። ቪም 8 ላይ ከቀስቱ በፊት ኮንትሮል ጂ እና ትልቁ ዩ ከገቡ፣ እዚያው መስመር ላይ እስከሆነ ድረስ ድግግሞሹ አይቆረጥም። ይህን የማያደርግ ፕለጊን አውጥታችሁ ጣሉት።

ነጥብ የኮለን ትእዛዝን (ኮለን «:» መትታችሁ የምትጽፉትን) ጨርሶ አይደግምም። ለዚያ @: አለ፤ ከዚያ በኋላ @@ ይበቃል። @: የቆየ ትእዛዝ ካመጣ፣ የመጨረሻው የሄደው በማፒንግ (ቁልፍ ላይ በታሰረ ትእዛዝ) ነው፤ ቪም ቢያንስ አንድ ፊደል በእጅ ያልተጻፈበትን ትእዛዝ አይመዘግብም።

የትእዛዝ ዝርዝር የያዘ መስኮት ከታች ድንገት ከተከፈተ፣ ኮለን ኪው (መዝጊያውን) ልትሉ ኪው ኮለን ብላችኋል። መስኮቱ የቅርብ ትእዛዞቻችሁ መዝገብ ነው፦ የፈለጋችሁት መስመር ላይ ኢንተር ብትመቱ እንደገና ይሠራል፤ ስለዚህ ሳታነቡ ኢንተር አትምቱ።

መዝገቡ አጠረ? ቪም 8 ላይ የራሳችሁን ቪምአርሲ (የቪም ቅንብር ፋይል) ስትፈጥሩ ልኩ ከ200 ወደ 50 ይወርዳል፤ ፋይሉ ውስጥ «ሴት ሂስትሪ=1000» ጨምሩ።

የአማርኛ ኪቦርድ ሳታጠፉ ኢስኬፕ ከመታችሁ ከዚያ በኋላ ቪም ዘንድ የሚደርሰው ፊደል እንጂ ትእዛዝ አይደለም።

ቪም ሲዘጋ መዝገቡ ከጠፋ የቪምኢንፎ ፋይል (መዝገቡ የሚቀመጥበት) ባለቤት ማን እንደሆነ እዩ። ቪምን በሱዱ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ከፍታችሁ ከነበር ፋይሉ የሩት (የአስተዳዳሪው) ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ በቾውን (ባለቤት መቀየሪያ ትእዛዝ) ወደ ራሳችሁ መልሱት።