ቶምና ጄሪን ከቤተሰብ ጋር እንዴት እንይ?

ካርቱን ከፍቶ ልጆችን ቲቪ ፊት አስቀምጦ ወደ ጓዳ መግባት ለምዶብናል። ሥራ ሲበዛ ምን ይደረጋል? ቶምና ጄሪን ግን አብራችኋቸው ቁጭ ብላችሁ እዩት። እኔ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ሁለት ልጆች አሳድጋለሁ። ከዘጌ እየመጡ እኛ ጋ የሚሰነብቱ አማት አሉኝ። አያት፣ እናትና ልጅ አንድ ላይ ተቀምጠን እኩል የምንስቅበት እንደዚህ ያለ ነገር ቤታችን ውስጥ የለም።

ድመቱ ቶምና አይጡ ጄሪ አያወሩም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ወሬውን ቤተሰቡ ያውጣው። ትንሿ ልጄ ጄሪን ትሆናለች፤ ታላቅ ወንድሟ ቶምን። አማቴ ዳኛ ናቸው። «ኧረ ይቺ አይጥ ነገረኛ ናት! በተኛበት ምን አደረጋት?» ይላሉ። ልጄ ደግሞ «እማማ፣ እሱ እኮ ነው የጀመረው!» ብላ ትሟገታለች። ክርክሩን አታቋርጡ። ለእኔ ዋናው ጨዋታ እሱ ነው።

የትኞቹን እንይ ካላችሁ፣ የድሮዎቹን። ዊልያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1958 የሠሯቸው 114 አጫጭር ፊልሞች ናቸው። ለሲኒማ ቤት ተሠርተው 7 ኦስካር አግኝተዋል። ቶም ሲመታ የሚለቀው ያ ጩኸት ራሱ የሃና ድምፅ ነው። ይህን ለልጆች ንገሯቸው፤ ሲጮህ ይጠብቁታል።

እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣውን፣ ቶም ፒያኖ የሚጫወትበትን አስቀድሙ። ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ የሃንጋሪያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሊስትን ሙዚቃ ይጫወታል። ጄሪ ፒያኖው ውስጥ ተኝቷል። ቶም ቁልፉን በነካ ቁጥር ውስጥ ያሉት መዶሻዎች ጄሪን ያነጥሩታል። እዚህ ጋ አቁሙና የቶምን ፊት አሳዩአቸው። ጣቱ ከጄሪ ጋር ይጣላል፤ ፊቱ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ነው። እንግዳ ፊት ልጁን በቁንጥጫ ዝም የሚያሰኝ ወላጅ ቁርጥ! በሁለተኛው ዙር ደግሞ ፊታችሁን አዙራችሁ ስሙት። የፊልሞቹ የሙዚቃ ደራሲ የስኮት ብራድሊ ሙዚቃ እንዲህ ነው፤ በሌሎቹም ፊልሞች ማን እንደሾለከ፣ ማን እንደወደቀ ሳታዩ ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ለልጆች ከመክፈታችሁ በፊት ብቻችሁን እዩት። በአንዳንዶቹ ውስጥ ጥቁሮችን የሚያንቋሽሽ ቀልድ አለ። የሆነ ነገር ፈንድቶ የእነቶም ፊት ሲጠቁር የሚቀለደው ቀልድ፣ የቤት ሠራተኛዋ የተሳለችበትም መንገድ ያናድዳል። ለትንንሾቹ እነዚህን ዝለሉ። ከፍ ላሉት ግን የዚያን ዘመን አሜሪካ ጥቁሮችን እንዴት ታይ እንደነበር አስረዷቸው። ትልቁ ልጄ ሲገባው ከእኔ በላይ ተቆጣ።

አንዱ ፊልም 7 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በአንድ ማታ 3 ይበቃል። መብራት መሃል ላይ ከሄደ «ቀጥሎስ ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። በቀደም ማታ ልጄ ጄሪን ጣና ዳር ደንገል ውስጥ ደበቀችው። ቶምን በታንኳ ላከችበት። አማቴ ከጨለማው ውስጥ ጣልቃ ገቡ፤ «ልጄ፣ ታንኳው ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። ድመቱን ቶሎ ቶሎ ቅዘፍ በይው!»