ምንጣፍ ቤት ውስጥ እንዴት ይታጠባል?

ምንጣፍ ማጠብ ከባድ አይደለም። ጣጣው ማድረቁ ላይ ነው። ይህን የተማርኩት አንድ ሐምሌ ላይ ነው። እንግዳ ሊመጣ ነው ብዬ የሳሎኑን ምንጣፍ ግቢ ውስጥ አጠብኩት። ዝናቡ አራት ቀን ሙሉ አላባራ አለ። በአምስተኛው ቀን ቤቱ ዝናብ የመታው በግ በግ ይሸት ጀመር። እናቴ ከበሩ ላይ አፍንጫዋን ይዛ «በክረምት ምንጣፍ?» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ምረጡ። ለአዲስ አበባ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ፀሐይም ነፋስም አለ። ውሃችሁ በፈረቃ ከሆነ ተራችሁ የሚደርስበትን ቀን ጠብቁና በጠዋት ጀምሩ።

ከምን እንደተሠራ እወቁ

ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዙና ከምንጣፉ ራቅ ብላችሁ በክብሪት ለኩሱት። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ሲታሽ ከደቀቀ ሱፍ ነው። ከቀለጠና ጠጣር ጠብታ ከሆነ ሰው ሠራሽ ክር ነው።

ሱፍ ላይ በረኪና በፍጹም አታድርጉ፤ ክሩን ይበላዋል። ሙቅ ውሃም አይሆንም፤ ሱፉ ተኮማትሮ ይጠጥራል። የመንዝ ባና ወይም ዝተት ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። ጀርባው በሙጫ የተለጠፈ ምንጣፍ ደግሞ ውሃ ውስጥ ማደር የለበትም።

አጎዛና ቁርበትማ ጨርሶ አይነከሩም። ከነቆዳቸው ስለሆኑ ሲደርቁ ይደነድናሉ። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ያለው አሳቡ ሌላ ስለሆነ ነው። እናንተ እንዲቆይላችሁ ከፈለጋችሁ አራግፋችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ይበቃዋል።

አራግፉ

ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። አቧራ ውሃ ሲነካው ጭቃ ነው፤ ያኔ ማን ያወጣዋል? ምንጣፉን አጥር ወይም የበረንዳ ብረት ላይ ስቀሉና ጀርባውን በዱላ ምቱት። አቧራው እስኪያልቅ አትተዉት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ መጀመሪያ ወደ ታች እዩ፤ የጎረቤት ልብስ ተሰጥቶ ይሆናል።

ማጠቡ

ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ አንዱን ጥግ ፈተግ አድርጉት። ቀለም ከለቀቀ ምንጣፉን አትንከሩት።

ካልለቀቀ ዘንበል ያለ ሲሚንቶ ላይ አንጥፉት። ለአንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ላርጎ ይበቃል። አረፋ ሲበዛ የጸዳ ይመስላል እንጂ ሳሙና የቀረበት ምንጣፍ ቶሎ ይቆሽሻል። በለስላሳ ብሩሽ ክሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ እሹት። ከዚያ የሚወርደው ውሃ ጥርት እስኪል አለቅልቁት። ሱፍ ከሆነ በመጨረሻው ውሃ ላይ ጥቂት አቼቶ ጨምሩ።

ቡና ብቻ ከሆነ የፈሰሰው ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጉት። አትፈትጉት፤ መፈተግ እድፉን ወደ ውስጥ ይሰደዋል። ቀጥሎ ቀዝቃዛ ውሃ ከላርጎ ጠብታ ጋር፣ ከዳር ወደ መሃል። የፍም ጠባሳ ግን አይለቅም። ሰው ሠራሹ ክር ፍም ሲነካው ይቀልጣል። ከሰሉን ከምንጣፉ ላይ አንሱ፣ ሌላ መላ የለውም።

ማድረቁ

ጎማ ባለው የወለል መጥረጊያ ውሃውን ደጋግማችሁ ግፉ። ከዚያ ጠቅልላችሁ ቁሙበት፤ የቀረው ይወጣል።

አሁን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ለባለሥልጣን የሚያሸረግደውን ሰው «ምንጣፍ ጎታች» እንለዋለን። ሁለት በሦስት ሜትር የሆነ እርጥብ ምንጣፍ ከግቢ እስከ አጥር የጎተተ ሰው ግን ስድቡ ላይ ጥያቄ ያነሳል። እኔና ወንድሜ ሦስቴ አርፈን ነው ያደረስነው።

በአንድ ቀጭን ገመድ አትስቀሉት፤ ይለጠጣል። ወፍራም ብረት ወይም ግንብ ላይ ጣሉት፤ ጀርባው ወደ ፀሐይ ይሁን፣ ቀለሙ እንዳይነጣ። ከሰዓት በኋላ ገልብጡት። ማታ ጤዛ ሳይወርድ አስገቡት፣ በነጋታው እንደገና አውጡት።

ላዩ ሲደርቅ አትታለሉ። ጣታችሁን ክሩ ሥር ድረስ አስገብታችሁ ዳስሱ። ቀዝቀዝ ካለ ገና ነው። ደርቆ ስትመልሱት ደግሞ አዙራችሁ አንጥፉት፤ በር በኩል የነበረው ጎን ወደ መስኮት ይሂድ፣ እግር የሚበዛበት እሱ ነውና።