ቤት ለቤት ለምታስጠኑ፦ መጀመሪያ ባዶ ወረቀት ስጡት

ባሕር ዳር ውስጥ እየተማራችሁ ጎን ለጎን ቤት ለቤት የምታስጠኑ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ገና እንደደረሳችሁ ደብተር አታስከፍቱ። ለልጁ ባዶ ወረቀት ስጡትና «ባለፈው ከሠራነው የምታስታውሰውን ጻፍልኝ» በሉት። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሲጽፍ አትርዱት። ከባዱ እሱ ነው፤ ወላጅ ሳሎን ቁጭ ብሎ እየሰማ ዝም ማለት ያስጨንቃል። ግን ትምህርቱ የሚጸናው ያኔ ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል።

«ገባህ?» የሚለውንም ጥያቄ ተዉት። ልጁ አክብሯችሁ «አዎ ቲቸር» ይላል፣ በዚያው ያልፋል። «እስኪ አንተ አስረዳኝ» በሉት እንጂ። ፐርሰንት እያስጠናችሁ ከሆነ፣ የ200 ብር የጣና ዓሣ ዋጋው በ15 በመቶ ቢጨምር ስንት ይሆናል ብላችሁ ጠይቁት። 230 ካለ፣ 30ዋን ከየት እንዳመጣት ይንገራችሁ። 215 ካለ ደግሞ ቶሎ አታርሙት። የትኛው መስመር ላይ እንደሳተ ራሱ ይፈልገው።