ሥነ ልቦናንና ሶሲዮሎጂን ማስተማር፦ ሙከራው ይቅደም፣ ስሙ ይከተል

በሁለቱም ትምህርቶች አስቸጋሪው ነገር ተማሪው ሳይማራቸው የሚያውቃቸው መምሰሉ ነው። ስለ ሰው ጠባይ አስተያየት የሌለው የለም፤ «የጎረቤታችን ልጅ እኮ…» ብሎ ይከራከራል። ስለዚህ ትርጓሜ ከማስጻፍዎ በፊት በገዛ እጁ ማስረጃ ይሰብስብ።

ለሥነ ልቦና የቃላት ማስታወስ ሙከራ ጥሩ መነሻ ነው። የማይዛመዱ 15 ቀላል ቃላት ያዘጋጁ። ክፍሉን በዕጣ ለሁለት ይክፈሉ እንጂ በአቀማመጥ አይሁን፤ ጎበዞቹ አንድ ጎን ከተሰበሰቡ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ አይታወቅም። እስክሪብቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ቃላቱን በየ2 ሰከንዱ አንድ አንድ፣ ድምፅ ሳይለዋውጡ ያንብቡ። አንደኛው ቡድን ወዲያው ያስታወሰውን ይጽፋል። ሁለተኛው ግን ከ287 ጀምሮ ሦስት ሦስት እየቀነሰ ለ30 ሰከንድ ቁጥር ከጻፈ በኋላ ነው ወደ ቃላቱ የሚመለሰው።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ቃል ከየቡድኑ ስንት በመቶው እንዳስታወሰው ሰሌዳ ላይ በግራፍ ይሳሉ። ብዙ ጊዜ የአንደኛው መስመር ጫፍና ጫፉ ከፍ፣ መሐሉ ዝቅ ይላል፤ በሁለተኛው የመጨረሻዎቹ ቃላት ይወድቃሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ግላንዘርና ኩኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1966 ያገኙት ይህንኑ ነው። የአጭር ጊዜ ትውስታ የሚለውን ስም አሁን ይስጡት፤ ተማሪው የሚሰየመውን ነገር አይቶታል።

ግራፉ እንደተጠበቀው ካልወጣ አይደብቁት። «ወንበር» እና «ጠረጴዛ» ተከታትለው ገብተው ይሆን? አንዱ ቃል ላይ ድምፅዎ ጎልቶ ይሆን? ተማሪዎቹ ራሳቸው ይፈልጉት። ስለ ተለዋዋጮች፣ ማለትም ውጤቱን ሊለውጡ ስለሚችሉ ነገሮች፣ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

ሶሲዮሎጂ ላይ ጥያቄው ከግለሰብ ወደ ቡድን ይዞራል። «አበበ ለምን አረፈደ?» ሳይሆን «ከሩቅ የሚመጡት ከቅርብ ከሚመጡት ይልቅ ያረፍዳሉ ወይ?» መጠይቁን ራሳቸው ያርቅቁ፤ መጀመሪያ ግን ለ5 ሰው ይሞከር። «ብዙ ጊዜ ታረፍዳለህ?» የሚለው «ብዙ» ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ስለሆነ አይጠቅምም፤ «ባለፉት 5 የትምህርት ቀናት ስንት ቀን አረፈድክ?» ይሁን። ስም አይጻፍበት፣ የቤተሰብ ገቢም አይጠየቅ፤ መሳተፍ የማይፈልግ ተማሪም አይገደድ።

ድርሰት ላይ ነጥብ የሚያስጥለው «ናሙናው (የተጠኑት ሰዎች) ውስን ነው» ብሎ ማቆም ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሚልግራም እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው የመታዘዝ ጥናት ተሳታፊዎቹ ሌላ ሰውን እየጨመረ በሚሄድ ኤሌክትሪክ እንዲቀጡ ይታዘዙ ነበር (ኤሌክትሪኩ የማስመሰል ነበር፤ እነሱ ግን አያውቁም)፤ ከ40ዎቹ 26ቱ እስከ መጨረሻው 450 ቮልት ሄደዋል፤ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። «ታዲያ ምን ይሁን?» ብለው ይጠይቁ፤ ተማሪው «ስለዚህ ውጤቱ ለሴቶችም ይሠራል ለማለት ሌላ ጥናት ያስፈልጋል» እስኪል ድረስ አይልቀቁት። ጥናቱን ግን ክፍል ውስጥ በፍጹም አይድገሙት፤ ተሳታፊዎቹን ክፉኛ ያስጨነቀ ነበር።