ተከን ላይ ኮምቦ (ተያያዥ ምቶች) እያወጡ መሸነፍን ለማስቆም ያገኘሁት መፍትሔ

ሐዋሳ፣ ሰፈራችን ያለው ጌም ቤት ተከን 7 የሚባለውን የድብድብ ጌም ስንጫወት ካዙያ የተባለውን ተዋጊ ይዤ ኤሌክትሪክ የሚባለውን ቡጢውን አወጣለሁ፣ ኮምቦውን እስከ ግድግዳ አደርሳለሁ፤ ግን ሦስት በተን ብቻ በሚነካካ ልጅ እሸነፍ ነበር። ከፋዩ ተሸናፊ ስለሆነ ነገሩ ኪስም ይነካል።

ኤሌክትሪክ ከባድ ነው። ወደፊት ተጭኖ መልቀቅ፣ ወደታች፣ ከዚያ ሰያፍ ታችና ቡጢው በአንድ ፍሬም፣ ማለትም በሰከንድ 1/60ኛ ውስጥ መገጣጠም አለባቸው። ሆኖም ምቱ ከፍ ያለ ነው። ልጁ ቁጭ ካለ በአናቱ ያልፋል፣ ከዚያ ተነስቶ ይለጥፍብኛል። «ወንድሜ፣ መብራት ሄደ እንዴ?» ይላል ደግሞ።

ኮምቦውን ትቼ ርቀት ላይ ሠራሁ። ከረጅሙ ምቱ አንድ እርምጃ ብቻ ወጣ ብዬ እቆማለሁ፤ ሲሰነዝር ወደኋላ ዳሽ (ፈጣን እርምጃ)፣ እግሩ አየር ላይ ሲቀር ያኔ ኤሌክትሪክ። በ2019 እ.ኤ.አ. ኢቮ የተባለውን የድብድብ ጌሞች ውድድር በተከን 7 ያሸነፈው የፓኪስታን፣ የላሆሩ ተጫዋች አርስላን አሽ ጨዋታ ላይም ዓይኔን የሚይዘው ኮምቦው ሳይሆን እርምጃው ነው።

ሁለተኛው ሆፕኪክ፣ ማለትም ዘሎ የሚመታው እርግጫ ነው። አብዛኛው ሆፕኪክ ብሎክ ሲደረግ (ስትከላከሉት) የመታውን 13 ፍሬም ያህል ያዘገየዋል፣ ጃብ (ፈጣኑ ቀላል ቡጢ) ደግሞ በ10 ይደርሳል። ስለዚህ ብሎክ፣ ከዚያ ጃብ፤ ነፃ ነው። ትንንሾቹን የእግር ምቶች እቀበላቸዋለሁ፣ ሁሉንም ቁጭ ብዬ ልከላከል ማለት ለሆፕኪኩ መጋለጥ ነው።

መለማመጃው ላይ ሆፕኪኩን ለኮምፒውተሩ ሪከርድ አድርጋችሁ አስደጋግሙት። ጣት እስኪለምደው ድረስ አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል።