ሲመሽ የሚጠፋው የጉጉቶቹ ካሜራ

በጉጉቶቹ ጎጆ ሳጥን ውስጥ ያለው ካሜራ ቀን ላይ ምስሉ ጥርት ያለ ነበር። አምስቱ የጎተራ ጉጉት ጫጩቶች ተደጋግፈው ሲተኙ ይታያሉ። እንቁላሎቹ የሚጣሉት በሁለት በሦስት ቀን ልዩነት ስለሆነ፣ ትልቁ ላባ ማውጣት ሲጀምር ትንሹ ገና የተባዘተ ጥጥ ነው የሚመስለው። ሲመሽ ግን፣ ልክ ወላጆቹ አይጥ ማመላለስ ሲጀምሩ፣ ካሜራው ድርግም ይላል። ይነሳል፣ መልሶ ይጠፋል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ካሜራውን ነበር። ሳጥኑን መክፈት ግን አልፈለግሁም። ጫጩት ያለበትን ጎጆ መነካካት ወፎቹን ይረብሻል፤ ያለ ፈቃድ በሕግ የተከለከለባቸው አገሮችም አሉ። ስለዚህ ፍለጋውን ከታች ጀመርኩ።

ከሳጥኑ በታች ያለውን የሽቦ መገጣጠሚያ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለካሁት። ቀን 11.6 ቮልት። ማታ 9.1። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሲጨልም የካሜራው ኢንፍራሬድ (ለዓይን የማይታይ ብርሃን የሚሰጡ) መብራቶች ስለሚበሩ ካሜራው ብዙ ከረንት ይስባል። የኔ ሽቦ ደግሞ ቀጭን፣ ርዝመቱም 40 ሜትር ነው። ቮልቴጁ መንገድ ላይ ስለሚወርድ፣ ካሜራው ጋ የሚደርሰው አይበቃውም።

ሽቦውን 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ በሆነ ወፍራም ሽቦ ቀየርኩት። ማታም ከ11 ቮልት በላይ ሆነ። ከፍ ያለ ቮልት ያለው አዳፕተር መሰካት ቀላል ይመስላል፣ ግን አልመክርም፤ ቀን መብራቶቹ ሲጠፉ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ካሜራውን ሊያቃጥለው ይችላል።

የዚያን ዕለት ሌሊት እስኪነጋ አልተቋረጠም። እናትየው አይጥ ጥላ ወጣች። ትልቁ ጫጩት አነሳውና፣ አንገቱን ዘርግቶ ለትንሹ አቀበለው።